የሁዳዴው ሌጦ

መካነ ሰላም ላይ በመምህርነት በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት ሀብታም ለመሆን ወሰንኩ። ቀልዴን አይደለም፤ ከልቤ ነበር። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ደመወዜ ለአንድ ሰው ይተርፋል። የተረፈ ገንዘብ የሚቀመጥበት ቦታ ግን ከተማው ውስጥ አልነበረም። ባንክ ያለው ደሴ ነው። ደሴ ለመድረስ እስከ አቀስታ በእግር ወይም በበቅሎ፣ ከአቀስታ ወዲያ የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ መሄድ ነው። ስለዚህ ባልደረቦቼ ከወር ወር የተረፋቸውን በግ ያደርጉት ነበር። እኔም በግ አደረግሁት።

መምህር በግ አያግድም። ገዝቶ ለገበሬ ለርቢ ይሰጣል። ውሉ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው፤ እናቲቱ የባለቤቷ ትሆናለች፣ የወለደችው ለሁለት ይካፈላል፣ ጠጉሩን አርቢው ሸልቶ ባና የሚሉትን የሱፍ ልብስ ያሠራበታል። ወረቀት አይጻፍም። በወረቀት ፋንታ የበጓ ጆሮ አለ፤ እያንዳንዱ ባለቤት የራሱ ምልክት አለው። የኔ የግራ ጆሮ ጫፍ ላይ ቁልቁል የተሠነጠቀ ነበር። በጓ ከሞተች አርቢው ሌጦዋን ከነጆሮዋ ገፎ ለባለቤቷ ያመጣል፤ መሞቷን ያዩ ሁለት ጎረቤቶችም ምስክር ይቆጥራል። ስታጣጥር ከደረሰባት፣ በክት ሆና እንዳትቀር፣ ጎረቤት ባለበት ባርኮ ማረድ ይችላል። ምስክር ያጣ አርቢ ግን በጓን በሌላ በግ ይተካል። አገሩ በዚህ ሕግ ሲተማመን የኖረ ነው።

ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ የቤት አከራዬ ናቸው። ባላቸው የሞተባቸው ሙስሊም ሴት ነበሩ፤ እኔም ሰፈሩም እትዬ እንላቸዋለን። ሥራቸው የቆዳና የሌጦ ንግድ ነው። በገበያ ቀን በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው ገበሬ ያመጣውን ሌጦ ይገዛሉ፣ በጨው አሽተው ያደርቃሉ፣ ሲበዛላቸው በበቅሎ አስጭነው አቀስታ፣ ከዚያ በመኪና ደሴ ላለው ገዢ ይልካሉ። የደሴው ሰው ደግሞ አሰብ ያወርደዋል፤ ከአሰብ መርከብ ላይ ይጫናል። ከመርከቡ በኋላ ያለውን እትዬም አያውቁትም። «ፈረንጅ ጫማ ያደርገዋል» ብቻ ነበር የሚሉት።

ሌጦ ሲገዙ ውስጡን ገልብጠው ወደ ፀሐይ ይይዙታል። በራሷ የሞተች በግ ደሟ ስላልፈሰሰ ደም ሥሯ በሌጦው ላይ ጠቁሮ ይታያል። የታረደች ግን ሌጦዋ ንጹሕ ነው። የበክቱ ዋጋ ዝቅ ስለሚል ነው እንዲህ የሚመረምሩት። ወር ሳይሞላኝ እኔም መለየት ቻልኩ፤ መቻሌም አኮራኝ። ገበያተኛው ፊት አንዱን አንስቼ «ይቺ ሞታ ነው» ስል ሰው ዞር ብሎ ያየኛል፤ ያ ደስ ይለኝ ነበር።

«በግህን ደጋ አድርግ፣ ፍየልህን ቆላ» አሉኝ እትዬ። «ዝናሙ ደጋውን ቢነሳህ ቆላው ይተርፍሃል። ደግሞ ሁሉንም አንድ ሰው እጅ አታግባ። ሰው ይታመማል፣ ይሄዳል፣ አላህ ያውቃል።» እሺ ብዬ ጥቂት ፍየሎች ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ፣ በጎቹን ደግሞ ደጋ ላሉ ሁለት ገበሬዎች ሰጠሁ። ከሁለቱ አንዱ ናቸው ይህን እንድጽፍ ያደረጉኝ።

ቤታቸው ወደ አቀስታ ሲኬድ የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ የለጋምቦ ብርድ የሚጀምርበት ቦታ። ከአባቴ ይበልጣሉ። የጽዋ ማኅበራቸው ሙሴ ነበሩ፤ ሙሴ ማለት ማኅበርተኛውን የሚሰበስብ፣ ተራ የሚያስይዝ፣ የተጣሉ ሰዎች ሳይታረቁ ጽዋው እንዳይቀመስ የሚከለክል ሰው ነው። ከልጃቸው የማንስ ሆኜ ሳለ መምህር እያሉ አንቱ ይሉኛል። ቤታቸው ስሄድ ባለቤታቸው የገብስ ቆሎ ያቀርቡልኛል፤ አራት ልጆች ከምድጃው ማዶ ተደርድረው የእጅ ሰዓቴን ያያሉ። አርቢዬ በጎቹን አንድ በአንድ ያስተዋውቁኛል፤ ይህች ተንኮለኛ ናት፣ ያቺ ፈሪ ናት፣ ይቺኛዋ ልጇን ገፍታ የሰው ግልገል ታጠባለች። እኔ የማውቃቸው በቁጥር ብቻ ነበር።

በ1966 መግቢያ ዐረቦችና እስራኤል ተዋጉ። ሬዲዮ ካላቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ ስለነበርኩ ወሬው ወደ ሰፈሩ የሚገባው በኔ በር ነበር። ከሥራ መልስ ሰው ደጄ ላይ ይሰበሰባል፤ ግማሹ ለዐረቦቹ ያደላል፣ ግማሹ ለእስራኤል። ቦታውን በካርታ ያየሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ጄኔራሉ እኔ ሆንኩ፤ በዱላ መሬት ላይ እየሣልኩ ታንክ አዛወርኩ። እትዬ ማን እንዳሸነፈ ጠይቀውኝ አያውቁም። አንድ ቀን ብቻ ከበረንዳቸው ሆነው «መምህር፣ የነዳጁ ነገር ምን ይሆናል ይላል?» አሉኝ። ሬዲዮው ስለ ነዳጅ ያለውን አላዳመጥኩም ነበር።

መጀመሪያ ላምባ ተወደደ። ቀጥሎ የመኪና ጭነት ጨመረ። ከዚያ የደሴው ገዢ ለእትዬ መልእክት ላከ፤ የጭነቱ ዋጋ ከሌጦው ሊበልጥ ነው፣ የመርከቡም ነገር እንደ ወትሮው አልሆነም፣ እስክልክባችሁ ድረስ አትላኩ የሚል። የእትዬ ጓዳ በሌጦ ሞላ። ሲና በረሃ ላይ የተተኮሰው ጥይት መካነ ሰላም የደረሰው በዚህ መንገድ ነው፤ ማንንም ሳይገድል፣ አንዲት ሴት ጓዳ ገብቶ ተቀመጠ።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ከልጅ ልጆቼ ጋር ቴሌቪዥን አያለሁ። በሆነ አገር ጦርነት በተነሳ ቁጥር አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው ይወጣና ወርቅ ግዙ፣ ዶላር ያዙ፣ ይህን ሽጡ ያንን አቆዩ ይላል። እኔ ያን ሰው አውቀዋለሁ። በ1966 በዱላ መሬት ላይ ታንክ ሲሥል የነበረው ሰውዬ ነው። የሩቁን ጦርነት ስለሰማ የነገውን ያየ ይመስለዋል።

ምክንያቱም እኔ ያን ጊዜ አንድ ትልቅ ሐሳብ መጣልኝ። ጦርነት ሲበዛ ገንዘብ ይረክሳል፤ ስለዚህ እጄ ላይ ያለውን ብር ሁሉ በግ ላድርገው አልኩ። ደግሞም በግ በዚያ ሰሞን ርካሽ ነበር። ለምን ርካሽ እንደሆነ ማንም ያውቃል። በወሎ ምሥራቅ የጀመረው ረሃብ ወደኛም እየዘለቀ ነበር፤ እህል ያለቀበት ሰው ያለውን እንስሳ ገበያ ያወጣል፤ ሁሉም ሻጭ ነው፣ ገዢ ግን ደመወዝተኛ ብቻ። አቀስታ ገበያ ላይ ከአንዲት ሴት ሁለት በግ ገዛሁ። የጠራሁላትን ዋጋ ተቀበለችኝ። አልተከራከረችም፤ ዐይኗ ከእጄ ላይ ብሩን ቀድሞ እህል ተራው ጋ ሄዷል። ዕድሌ ነው ብዬ ደስ እያለኝ በጎቹን ነዳሁ። ይህን ደስታ ዛሬም ድረስ ይቅር ልለው አልቻልኩም።

የቆላው ሣር መድረቁን ስሰማ ፍየሎቹን ሸጥኩ። ሁለተኛው የደጋ ገበሬ ሰነፍ መሰለኝና ከሱም ወሰድኩ። ሁሉንም ሰብስቤ ማኅበሩን ለሚመሩት፣ ለታመኑት ሰውዬ ሰጠሁ። እትዬ ሲሰሙ ተቆጡ።

«ሁሉንም አንድ ደጃፍ ታስራለህ?»

«እትዬ፣ አሁን ጊዜው የጦርነት ነው። ብር ይረክሳል፤ ነፍስ ያለው ነገር ግን ዋጋውን አይለቅም» አልኩ። ይህን ስል ድምፄ የሬዲዮኑን ይመስል ነበር።

«ነፍስ ያለው ነገር መብላት ይፈልጋል» አሉኝና ወደ ሌጦዋቸው ተመለሱ።

ደጋው የሚኖረው በበልግ ነው። አምና በልጉ ሳስቶ ነበር፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ከጥር ጀምሮ ሰማዩን ያየ ሁሉ እጁን አጣጠፈ። አርቢዬ በጥር መጨረሻ ሁለት ሌጦ ትከሻቸው ላይ ጥለው መጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ሁለት። ሁሉም ደም ሥራቸው ጠቁሯል፤ ሁሉም ምስክር አላቸው። ሰውዬው ራሳቸው በየጊዜው እየቀጠኑ ይመጣሉ፤ እኔ ግን የማየው ሌጦውን ነበር። በደጉ ጊዜ ቢሆን ሌጦው ይሸጥና ከጉዳቴ ጥቂት ይመልስልኝ ነበር። አሁን የሚገዛው የለም። ሌጦዎቹ ክፍሌ ጥግ ተደረደሩ፤ ቤቱ ሸተተ፤ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ኪሳራዬ አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ ነው ክፉ መሆን የጀመርኩት።

በየካቲት አዲስ አበባ ታክሲው ቆመ፣ መምህራን ሥራ አቆሙ፣ እኛም አቆምን። ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ተሰብስበን ስንከራከር እንውላለን። በዚያ ስብሰባ ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚጮኸው እኔ ነበርኩ። መሬት ለአራሹ! ገበሬው ተበዘበዘ! እንዲህ እያልኩ ውዬ ቤቴ ስገባ አራት ሌጦ ይቆየኛል፤ እቆጥራቸዋለሁ፤ በአርቢዬ እናደዳለሁ። ሁለቱ ነገሮች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ ብሎ ያኔ የነገረኝ ቢኖር እስቅበት ነበር።

ነገሩ የሆነው በገበያ ቀን ነው። የእትዬ በረንዳ ሌጦ ባይሸጥም ሰው አይጠፋበትም፤ የደጋ ሰዎች ጥላ ፍለጋ ይቀመጣሉ። አርቢዬ መጡ። ትከሻቸው ላይ አንድ ሌጦ ነው ያለው። በረንዳው ላይ ከነበሩት ሦስት አራቱ የሰበካቸው ሰዎች ናቸው፤ ብድግ ብለው እጅ ነሷቸው።

«መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ» አሉኝ። «ይችም ሞተች። አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።»

ሌጦውን መጀመሪያ የተቀበሉት እትዬ ናቸው። ገለጥ አድርገው በአውራ ጣታቸው ውስጡን ዳሰስ አደረጉት። ከዚያ ጠጉሩን ወደ ላይ አድርገው አጠፉት፣ እንደገና አጠፉት፣ ከጎናቸው አስቀመጡት። «አላህ ይተካ» አሉ፣ ወዲያው ስለ ገብስ ዋጋ መጠየቅ ጀመሩ።

እኔ አነሳሁት። የታጠፈውን ዘረጋሁት። ውስጡን ወደ ፀሐይ አዞርኩት። ንጹሕ ነው፤ አንድ ጥቁር መስመር የለበትም።

«ይቺ አልሞተችም» አልኩ። «ታርዳለች።»

«ሞታ ነው፣ መምህር» አሉ ቀስ ብለው።

«ምስክርዎ ማነው?»

«ምስክር የለኝም። አዋሳኞቼ ባለፈው ሳምንት ቤታቸውን ዘግተው ወጡ። ማንን ልጥራ?»

«እንግዲያው ይኸው ሌጦው ይመስክር። እዩት!» አልኩና ለተቀመጡት ሰዎች ከፍ አድርጌ አሳየሁ፣ ክፍል ውስጥ ካርታ እንደማሳየው። «ደም ሥሩ የታል? ደሟ ፈሷል። በቢላ ነው!»

እትዬ ሌጦውን ከእጄ ሊነጥቁ ተነሱ፤ አልደረሱም። ከሰበካው ሰዎች አንዱ፣ ሽማግሌ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል «በሁዳዴ?» አሉ።

ያን ጊዜ የበረንዳው ሰው ሁሉ ወደ አርቢዬ ዞረ። እኔ ጾም ከተውኩ ዓመታት አልፈውኝ ነበር፤ የተማርን ነን ባዮቹ ጾምን የአሮጊቶች ነገር አድርገን ነበር የምናየው። ሁዳዴ ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ መሆኑ በልቤ አልነበረም። ሰውዬው የደበቁት ከእኔ አልነበረም። ከታረደች ተበልታለች ማለት ነው፤ የጽዋ ማኅበሩ ሙሴ ቤት በዐቢይ ጾም ሥጋ ተበልቷል ማለት ነው። በግ ተሰረቅሁ ብዬ ነበር የጮህኩት፤ የሰማው ሰው ግን የሰማው ሌላ ነው።

አርቢዬ አልተከራከሩም። ሰዎቹን አላዩም። እትዬን ብቻ «አፉ በሉኝ» አሏቸው፤ እትዬም «አብሽር፣ አብሽር ወንድሜ» እያሉ እስከ መንገዱ ሸኟቸው። የሰበካው ሰዎች ግን እንደ መጡ ጊዜ ብድግ አላሉላቸውም።

እትዬ ተመልሰው ፊቴ ቆሙ። «እኔ ሳጥፈው አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ቆርጦህ ፈታኸው? የበግህን ዋጋ ከፈለግህ በጆሮዬ አትነግረኝም ነበር? ያ ሰው ልጆች አሉት፤ በጓ መቼም ነገ ትሞታለች፤ ዛሬ ባርኮ አረዳት፤ በላ። ከጌታው ጋር ያለውን ጣጣ እሱ ይጨርሳል። አንተን መሃላቸው ማን አስገባህ?» ሌጦውን ከእጄ ወስደው ወደ ጓዳ ገቡ።

በማግሥቱ ወደ አርቢዬ መሄድ ነበረብኝ። ያንን የአንድ ቀን መንገድ ተጉዤ እግራቸው ላይ መውደቅ ነበረብኝ። አልሄድኩም። ስብሰባ አለ አልኩ፣ አድማው አላለቀም አልኩ። እውነቱ ግን ፊታቸውን ማየት ፈርቼ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ እሳቸው መጡ፤ በጎቹን ሁሉ እየነዱ። ስምንት ነበሩ። አጥንታቸው ወጥቷል፣ ግን ቆመው ይሄዳሉ። እስከዚያ ቀን አንቱ ሲሉኝ የኖሩ ሰው አንተ አሉኝ።

«ቁጠራቸው» አሉ። «ሰባቱ ያንተ ናቸው። ስምንተኛዋ የኔ ነበረች፤ ስለታረደችው ተክቻለሁ።»

«አባባ፣ እባክዎን፣ ይዘዋቸው ይመለሱ። እኔ አላወቅሁም ነበር» አልኩ።

«አንተ ምን ታደርግ? ልጆቼ ሦስት ቀን እሳት ያልነደደበት ቤት ውስጥ ነበሩ። አባት ነኝ፤ አረድኩ፣ አበላሁ። እኔ አልቀመስኩም፤ ግን ይህን ለማን ልንገር? ማኅበሩን አስረክቤያለሁ። አሁን ልጆቹን ይዘን ወደ ደሴ እንወጣለን፤ እዚያ የሚያውቀን የለም።»

ይዘዋቸው ይመለሱ ብዬ ሁለተኛ ለመንኳቸው። ሦስተኛ አልለመንኩም። እውነት መጻፍ ካለብኝ፣ ሁለተኛውን ስለምን ዐይኔ በጎቹ ላይ ነበር፤ ቆጥሬያቸው ጨርሼ ነበር። ሰውዬው ይህን አይተዋል። በትራቸውን አንስተው ሄዱ።

ከእነሱ መውጣት በኋላ ብዙም ሳይቆይ የዕርዳታ እህል አቀስታ መድረስ ጀመረ። የዚያ መንደር ሰው፣ ቤቱን ሳይለቅ የጠበቀው፣ አብዛኛው ተረፈ። ሌሎቹን ያባረራቸው ረሃቡ ነው፤ አርቢዬን ግን ያባረርኳቸው እኔ ነኝ። በጎቹም አልሆኑልኝም። ከተማ ውስጥ ሣር የለም፤ አንዳንዶቹ ሞቱ፣ የቀሩትን ሲሞቱ ከማይ ብዬ በረባ ባልረባ ዋጋ ሸጥኳቸው። የዐረቦቹ ጦርነት ካለቀ ወራት አልፎት ነበር። የሀብቴ ታሪክ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ተገለባበጠ። ንጉሡ ወረዱ። በሰሜን ጦርነቱ ባሰና የአሰብ መንገድ ወሬው ሁሉ ክፉ ሆነ፤ የእትዬ ሌጦ ጓዳ ውስጥ ብል በላው። ቀጥሎ ትርፍ ቤት ሲወረስ የተከራየሁት ክፍል ከእትዬ ላይ ተወሰደ፤ ለኔ ኪራይ ቀነሰልኝ። እትዬ አላለቀሱም። «የሰጠም አላህ፣ የወሰደም አላህ» ብለው የቀረቻቸውን አንዲት ክፍል ጠረጉ። መሬትም ለአራሹ ሆነ። ስንጮህለት የነበረው ነገር በሬዲዮ ታወጀ፤ እኔም እንደ ሌላው ሰው ዘፍኛለሁ፣ ጨፍሬያለሁ።

መጻፍ የሚችል ሰው ስለሚያስፈልግ መምህራንን የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ ጸሐፊ እንድንሆን ይልኩን ነበር። ወደዚያ መንደር ተመደብኩ። እምቢ ለማለት ምክንያት መስጠት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱን መናገር ደግሞ የማይሆን ነገር ነው። ሄድኩ። ኮረብታው ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ካለው ሜዳ፣ ሰዉ ተሰብስቧል። እኔ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀመጥኩ፤ ከጎኔ ስብሰባውን የሚመራው ከደሴ የተላከ ወጣት ነበር። ሰው ሁሉ የሚፈራው ልጅ ነው። በዝባዥ ይፈልጋል። በሌላ መንደር በረሃቡ ጊዜ የድሀውን ከብት በርካሽ የገዛ አንድ ነጋዴ ሰዎች ጠቁመውበት ታስሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም።

የዚያን ቀን አጀንዳ ከስደት የተመለሱ ሰዎች መሬት ነው። አንዲት ሴት ሁለት ልጆች ይዘው ከሰዉ መሃል ወጡ። ነጠላቸው የተጣፈ ነው፤ ፀጉራቸው አፈር መስሏል። የአርቢዬ ባለቤት መሆናቸውን ያወቅሁት ልጆቹ የእጅ ሰዓቴን ሲያዩ ነው። አራት እንደነበሩ አስታውሳለሁ።

«ባለቤትዎስ?» አላቸው ወጣቱ።

«ደሴ ሳንደርስ ቀረ። ሁለቱ ልጆችም።»

«ለምን ወጣችሁ?»

«ረሃብ ነው።»

ወጣቱ ግን አልለቀቀም። አስቀድሞ አንዳች ነገር ሰምቷል። «እናት፣ አይፍሩ» አላቸው። «በግ ነበራችሁ ይባላል። በረሃቡ መሃል አንድ የከተማ ሰው መጥቶ የእኔ ናቸው ብሎ ወሰደ፣ ባለቤትዎን በአደባባይ አዋረደ ይባላል። ያ ሰው ማነው? ስሙን ይንገሩኝ። ዛሬውኑ እናስመጣዋለን።»

ከሰዉ መሃል ያን ቀን በረንዳው ላይ የነበሩት ሽማግሌ ተቀምጠዋል። እኔን አዩ። ጎናቸው ያለው ሰውም አየኝ። ብዕሬ ወረቀቱ ላይ ቆሟል። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ ደግሞ የፈራሁት የሚገባኝን ነገር ነበር።

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩኝ። አወቁኝ። ቆሎ ያቀረቡለትን ሰው፣ የባላቸውን ጉድ በፀሐይ የዘረጋውን ሰው አወቁት። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈለግሁ፤ ያለው ድካም ብቻ ነበር።

«የወሰደ ሰው የለም» አሉ። «በጎቹ የኛው ነበሩ። ረሃቡ ፈጃቸው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። በሁዳዴ ያረደውም የገዛ በጉን ነው። ባሌ የሰው አልነካም። ይኸን ጻፉልኝ።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ወጣቱ ትንሽ ጠበቀ፤ የሚናገር ሲጠፋ ወደኔ ዞሮ «ጻፍ» አለኝ።

ጻፍኩ። በጎቹ የእነሱ እንደነበሩ፣ የወሰደባቸው ሰው እንደሌለ፣ ባላቸው የሰው እንዳልነካ፣ በገዛ እጄ ጻፍኩ፤ ሴትዮዋም መጥተው ከስሜ አጠገብ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ።